«አስቸጋሪ» የሚባለው ተማሪ እና የእንክብካቤ ክፍል

የመጀመሪያ ደረጃ መምህር የሆነ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ልጅ አለ። ደወል ተደውሎ ክፍሉ ጸጥ ሲል እርሱ አይቀመጥም። የጎረቤቱን እርሳስ ይነጥቃል፤ ሲጠየቅ ይክዳል፤ ሲገሠጽ ወይ ይጮኻል ወይ ጠረጴዛ ሥር ይገባል። በዚያው ክፍል የኋላ ወንበር ላይ ደግሞ ስሟ ሲጠራ «አቤት» የማትል፣ በዕረፍት ሰዓት ግድግዳ ተደግፋ ብቻዋን የምትቆም ልጅ ትኖራለች። የመጀመሪያው ልጅ ይንበረከካል፤ «ወላጅህን ይዘህ ና» ተብሎ ይመለሳል፤ ከዚያም ይቀራል። ሁለተኛዋ ስለማትረብሽ ማንም ልብ አይላትም። ሁለቱም ዓመቱን ጨርሰው ፊደል ሳይለዩ ሊቀሩ ይችላሉ።

እነዚህን ሁለት ልጆች በአንድ ዓይን የተመለከተና የሁለቱም ችግር ምንጩ አንድ ሊሆን እንደሚችል ያሰበ አሠራር ከ50 ዓመታት በፊት በለንደን ከተማ ተጀምሯል። በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ግማሹ ቤት፣ ግማሹ መማሪያ ክፍል የሚመስል አንድ ክፍል ይዘጋጃል፤ ከ10 እስከ 12 የሚደርሱ፣ አንዳንዴም ከዚያ ያነሱ ልጆች ከሁለት ትልልቅ ሰዎች ጋር በዚያ ይውላሉ። ክፍሉ በአማርኛ «የእንክብካቤ ክፍል» ቢባል ያስኬዳል። እንዲያውም አርሶ አደሩ የተሻለ ቃል አለው። ቡቃያው ሥሩ እንዲይዝ አፈሩን ማለስለስና አረሙን ማንሣት ኩትኳቶ ይባላል፤ ልጅንም «ኮትኩቶ አሳደገው» እንላለን። የእንክብካቤ ክፍል ሥራ ይኸው ነው፤ በወቅቱ ያልተኮተኮተውን ዘግይቶም ቢሆን መኮትኮት።

አሠራሩን ያፈለቁት ማርጆሪ ቦክሳል የተባሉ የትምህርት ሥነ ልቦና ባለሙያ ናቸው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጨረሻ ሃክኒ በተባለው የለንደን ክፍል ይሠሩ ነበር። ሃክኒ በዚያን ጊዜ ድህነትና የቤት ችግር የበዛበት፣ ከካሪቢያን ደሴቶችና ከሌሎች አገሮች የመጡ ስደተኞች ኑሮ ለመመሥረት የሚታገሉበት አካባቢ ነበር። ወላጆች ከጠዋት እስከ ማታ ይሠራሉ፤ ብዙዎቹም ልጅ በማሳደግ የሚያግዙ አያትና አክስት በአቅራቢያቸው የሏቸውም። በአምስት ዓመታቸው ትምህርት ቤት ከሚገቡት ሕፃናት መካከል መምህራን «አልቻልናቸውም» እያሉ ወደ ባለሙያዎች የሚልኳቸው በዙ። ልጆቹ «ጠበኛ»፣ «ደካማ»፣ «ለልዩ ትምህርት ቤት የሚሆን» የሚል ስም ይሰጣቸው ነበር።

ቦክሳል ግን ልጆቹን ቀርበው ሲያዩ ሌላ ነገር አስተዋሉ። የአምስት ዓመቱ ልጅ ዕቃ የሚነጥቀው የሁለት ዓመት ሕፃን በሚነጥቅበት መንገድ ነው። ተራ መጠበቅ አይችልም፤ ምክንያቱም የጠበቀ ሰው በመጨረሻ እንደሚደርሰው ደጋግሞ አላየም። አንድ ሥራ ጀምሮ አይጨርስም፤ ትልቅ ሰው ጎኑ ተቀምጦ እስኪጨርስ የጠበቀው ጊዜ የለምና። በሌላ አነጋገር ልጁ ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት በቤት ውስጥ ሊያልፍበት የሚገባውን ደረጃ ሳያልፍ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል። ይህ ወላጅን ለመውቀስ የተባለ አይደለም። ልጁን የሚወድ፣ ግን ሕመም፣ ሐዘን፣ ስደት ወይም ችግር ጊዜና አቅም የነሳው ወላጅ ቤት ውስጥም ይህ ይደርሳል። የመጀመሪያዎቹ የእንክብካቤ ክፍሎች የተከፈቱት በ1969 እና በ1970 በዚሁ አካባቢ ነው።

ሐሳቡ ብቻውን የቆመ አልነበረም። ጆን ቦውልቢ የተባሉ እንግሊዛዊ የአእምሮ ሐኪም ሕፃን ከሚያሳድገው ሰው ጋር የሚመሠርተው ቁርኝት ለቀሪው ዕድገቱ መሠረት መሆኑን በዚያው ዘመን እየጻፉ ነበር። ከእርሳቸው ጋር የሠሩት ሜሪ ኤንስዎርዝ ደግሞ ስለዚህ ጉዳይ ቀዳሚ የሆነውን የመስክ ጥናታቸውን ያካሄዱት አውሮፓ ውስጥ አይደለም፤ በምሥራቅ አፍሪካ፣ በኡጋንዳ ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ በካምፓላ ዙሪያ ባሉ መንደሮች እየተዘዋወሩ የጋንዳ እናቶችንና ጡት ያልጣሉ ልጆቻቸውን በየቤታቸው ተመልክተዋል። ያዩት ነገር በገጠር ላደገ ሰው እንግዳ አይሆንም። መዳህ የጀመረ ሕፃን ከእናቱ ጥቂት ይርቃል፤ አንድ ነገር ይነካካል፤ ዞር ብሎ እናቱ መኖሯን ያያል፤ ከዚያ ደግሞ ትንሽ ይርቃል። እንግዳ ሰው ሲገባ ተመልሶ ይጣበቅባታል። እናቱ እንደምትጠብቀው የተማመነ ልጅ ርቆ ለመሄድ ይደፍራል። እርግጠኛ ያልሆነው ግን ወይ ከጉያዋ አይወጣም፣ ወይ እንደማያስፈልገው ሆኖ ይዘጋል። ልጅ አዲስ ነገር ለመማር የሚነሣው መመለሻ እንዳለው ሲያውቅ ነው።

የእንክብካቤ ክፍል ይህን መመለሻ በትምህርት ቤት ውስጥ ለመፍጠር የተደረገ ሙከራ ነው። ክፍሉ ውስጥ እንደ ማንኛውም መማሪያ ክፍል መጻሕፍት፣ ሰሌዳና ጠረጴዛ አለ። ከዚያ ጋር ግን ለስላሳ መቀመጫ፣ ምንጣፍ፣ ትንሽ ወጥ ቤትና ሁሉም ተሰብስቦ የሚበላበት ገበታ ይኖራል። የሚመሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንድ መምህርና አንድ ረዳት። የሁለት መሆናቸው ምክንያት ልጅ በመብዛቱ ብቻ አይደለም። ልጆቹ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ሲነጋገሩ፣ ሲመካከሩ፣ ባልተስማሙበት ነገር ሳይጣሉ ሲለያዩ፣ ሲሳሳቱም «ይቅርታ» ሲባባሉ እንዲያዩ ነው። ይህን በቤቱ ሳያይ ያደገ ልጅ በንግግር ብቻ ሊማረው አይችልም።

ከውጭ ለሚያይ ሰው የዕለቱ እጅግ ቀላሉ ክፍል ቁርስ ነው፤ አሠራሩን የሚያውቁ ሰዎች ግን ዋናው ትምህርት እርሱ ነው ይላሉ። ልጆቹ እጃቸውን ይታጠባሉ። አንዱ ሰሃን ያድላል፤ ስንት ሰው እንዳለ፣ ስንት ሰሃን እንደሚያስፈልግ መቁጠር የእርሱ ኃላፊነት ነው። ሌላዋ የተጠበሰውን ዳቦ የያዘውን ትሪ ይዛ ትዞራለች። ትሪው አምስተኛው ልጅ ጋ እስኪደርስ እርሱ መጠበቅ አለበት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተነሥቶ ይነጥቃል፤ አንዳንዱም ሁለት ሦስት ቁራሽ ኪሱ ውስጥ ይከታል። መምህሯ አትጮኽበትም። «ለአንተ የሚሆን አለ፤ ያንተ ይኸውና፤ ተራህ ከሳራ ቀጥሎ ነው» ትለዋለች፤ ትሪውም ሲደርሰው በእርግጥ ድርሻው ይጠብቀዋል። ነገም እንዲሁ፣ ከነገ ወዲያም እንዲሁ። ከብዙ እንዲህ ያሉ ጠዋቶች በኋላ ልጁ መጠበቅ ይችላል። መጠበቅ የቻለ ልጅ ደግሞ እጁን አውጥቶ መልስ ለመስጠት ተራ መጠበቅ ይችላል ማለት ነው። ቁጥር፣ ቋንቋ፣ ጠባይ፣ ሰውን ዓይን ለዓይን ማየት፣ «እባክሽ» እና «አመሰግናለሁ» ሁሉም በዚያ ገበታ ላይ አሉ። በአንድ ማዕድ ዙሪያ ልጅ ማሳደግ ለአገራችን ሰው አዲስ ነገር አይደለም፤ እዚህ ልዩ የሚያደርገው ማዕዱ በትምህርት መርሐ ግብሩ ውስጥ ሰዓት ተሰጥቶት መግባቱ ነው።

ከቁርስ በኋላ ያለው የቀኑ ሂደት በየዕለቱ አንድ ዓይነት ነው። ምን ከምን እንደሚቀጥል በሥዕል ተሠርቶ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። የሚለወጥ ነገር ካለ አስቀድሞ ይነገራል። ቤቱ ውስጥ ነገ ምን እንደሚፈጠር መገመት የማይችል ልጅ፣ ቢያንስ በዚህ ክፍል ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቃል። ንባብና ሒሳብ አይቀሩም፤ ነገር ግን የሚጀምሩት ከልጁ ዕድሜ ሳይሆን ልጁ ካለበት ደረጃ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ በውኃና በአሸዋ መጫወት ካስፈለገው ይጫወታል።

ሌላው ትኩረት ቋንቋ ነው። ብዙዎቹ ልጆች የሚሰማቸውን ነገር ስሙን አያውቁትም። ፍርሃቱም፣ ኀፍረቱም፣ ረኃቡም፣ ናፍቆቱም በአንድ መንገድ ብቻ ይወጣል፤ በቁጣ። ስለዚህ መምህሯ ስሜቱን በቃል ታስቀምጥለታለች፦ «የተናደድህ ትመስላለህ፤ እርሳስህ ስለተሰበረ ይሆን?» መማታት እንደማይፈቀድ ግን ያው ይነገረዋል። በዚህ ላይ አንዳንድ ሰው «ይህ ማሞላቀቅ ነው» ሊል ይችላል። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው ማለት ይቻላል። በእንክብካቤ ክፍል ውስጥ ደንብ አለ፤ ደንቡ ጥቂት ነው፣ ግልጽ ነው፣ በየቀኑም ያለ ማወላወል ይጠበቃል። አንድ ቀን ተቆጥቶ በማግስቱ የሚያልፍ ትልቅ ሰው ነው ልጅን ግራ የሚያጋባው። ኋላ ላይ በጽሑፍ ከሠፈሩት ስድስት የአሠራሩ መርሆች አንዱ እንደሚለው፣ የልጅ ጠባይ ሁሉ መልእክት ነው፤ ጠረጴዛ ሥር የገባው ልጅ ቃል ያላገኘለትን ነገር እየተናገረ ነው። መልእክቱን መስማት ድርጊቱን መፍቀድ አይደለም።

ወደዚህ ክፍል የሚገባው ማን ነው? እዚህ ላይ አሠራሩ በግምት አይሄድም። ቦክሳልና አብረዋቸው የሠሩት መምህራን ልጅን የሚመዝን ቅጽ አዘጋጅተዋል፤ እስከ ዛሬም «የቦክሳል መዝገብ» በሚል ስም ይሠራበታል። ቅጹ 68 ነጥቦች ያሉት ሲሆን ልጁን በየቀኑ የሚያየው መምህር ይሞላዋል። ግማሹ ልጁ የደረሰበትን የዕድገት ደረጃ ይጠይቃል፦ ትኩረቱ የት ድረስ ነው፤ ሌላው ልጅ የሚያደርገውን ልብ ይላል ወይ፤ የተሰጠውን መመሪያ ይከተላል ወይ። ግማሹ ደግሞ ዕድገቱን የሚያደናቅፉ ጠባዮችን ይመዘግባል። በዚህ መንገድ ያቺ ድምፅ የማታሰማዋ ልጅም ትገኛለች። ረባሾችን ብቻ ሰብስቦ አንድ ክፍል ውስጥ ማስገባት የአሠራሩ ትልቁ ስሕተት ነው፤ ዝምተኛውና ቁጡው፣ የሚጣበቀውና የሚሸሸው ተመጣጥነው ካልገቡ ክፍሉ ራሱ ማጎሪያ ይሆናል። ወላጅም አስቀድሞ ይጠየቃል፤ እየመጣም እንዲያይ ይጋበዛል።

የእንክብካቤ ክፍል ልጅ የሚቀርበት ቦታ አይደለም። ልጁ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በመደበኛ ክፍሉ መዝገብ ላይ ስሙ ይቆያል። ጠዋት ስሙ የሚጠራው እዚያ ነው፤ ለአንዳንድ ትምህርትና ለጨዋታም ወደዚያው ይመለሳል። ጊዜው እያደር ይረዝማል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት የትምህርት ተርም በሚደርስ ጊዜ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል። ችግኝ ጣቢያ ውስጥ የሠራ ሰው ይህን ወዲያው ይረዳዋል። ከጥላ ሥር ወጥቶ በቀጥታ ሐምሌ ላይ መስክ የተተከለ ችግኝ ብዙ ጊዜ አይጸድቅም። ከመውጣቱ ከሳምንታት በፊት ጥላው ይቀነስለታል፣ ውኃው ይመጠናል፣ ፀሐይ ይለምዳል። ሳይለምድ የወጣውም ይደርቃል፤ ከጥላው ያልወጣውም ቀጥኖ ይቀራል። ልዩነቱ ችግኙ የሚሄድበትን መስክ መለወጥ አለመቻሉ ነው፤ ትምህርት ቤት ግን ልጁን የሚቀበለውን መደበኛ ክፍልም ማዘጋጀት ይችላል፤ ይገባዋልም።

ውጤቱስ? ከለንደን ወረዳዎች አንዱ በሆነው ኤንፊልድ የተደረገና ብዙ ጊዜ የሚጠቀስ ክትትል አለ። በእንክብካቤ ክፍሎች ከገቡ 308 ልጆች መካከል 87 በመቶው በአማካይ አንድ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ወደ መደበኛ ክፍላቸው ተመልሰዋል። መግባት እንዳለባቸው ታምኖ ቦታ ካላገኙ 20 ልጆች ግን በመደበኛ ክፍል የዘለቁት 55 በመቶ ብቻ ነበሩ። የሁለተኛው ቡድን ቁጥር ትንሽ ስለሆነና ሁለቱ ቡድኖች በሁሉም ነገር እኩል ስላልነበሩ በዚህ ብቻ መፍረድ አይቻልም። በ2016 ይፋ የሆነው የቤልፋስት ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ግምገማ የሰሜን አየርላንድ የእንክብካቤ ክፍሎችን ተመሳሳይ ክፍል ከሌላቸው ትምህርት ቤቶች ጋር አነጻጽሯል። የልጆቹ ማኅበራዊ ግንኙነት፣ ስሜትና ጠባይ በግልጽ ተሻሽሎ ተገኝቷል። በንባብና በሒሳብ ውጤት ላይ ግን በዚያ አጭር ጊዜ ውስጥ ልዩነት አልታየም። ይህን መደበቅ አይገባም፤ የእንክብካቤ ክፍል ልጁን ለመማር ያዘጋጀዋል እንጂ ያመለጠውን ትምህርት በአንድ ዓመት አይሞላለትም።

አሠራሩ የፖለቲካና የበጀት ንፋስም አይለቀውም። የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች ይደግፍ የነበረው የመሐል ለንደን ትምህርት ባለሥልጣን በ1990 ሲፈርስ ብዙዎቹ ተዘጉ። ከዓመታት በኋላ እንደገና አንሰራሩ፤ በስኮትላንድ የግላስጎው ከተማ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በስፋት ከወሰዱት አንዷ ናት። እዚያ ሐሳቡ ከአንዲት ክፍል ወጥቶ መላውን ትምህርት ቤት የሚመለከት ወደመሆን አድጓል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ልጁ በአንዱ ክፍል ተከብሮ በሌላው ከተሰደበ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው።

ወደ እኛ አገር ስንመጣ ልዩነቱ ግልጽ ነው። ለ10 ልጆች ሁለት ሠራተኛ መመደብ፣ 50 እና ከዚያ በላይ ተማሪ በአንድ መምህር ለሚማርበት ትምህርት ቤት ቅንጦት ነው። በአንጻሩ ችግሩ እኛም ዘንድ አለ። በግጭት ከቀየው የተፈናቀለ፣ ትምህርቱ ተቋርጦበት የቆየ፣ ተኩስ የሰማ፣ የቅርብ ሰው ያጣ ልጅ በየክፍሉ ተቀምጧል። እናቱ ለሥራ ወደ ዐረብ አገር ሄዳ ከአያቱ ጋር የቀረም አለ። እንዲህ ያለውን ልጅ መምታት ደግሞ የመምህሩ ምርጫ ተደርጎ የሚተው ጉዳይ አይደለም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ማንኛውም ሕፃን በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ ከተሞላበት አያያዝ ነጻ የመሆን መብት እንዳለው ይደነግጋል። ሕጉ ዱላውን ከልክሏል፤ በዱላው ፋንታ ምን ይደረግ የሚለውን ግን መምህሩ ብቻውን እንዲፈታው ትተንለታል።

ከእንክብካቤ ክፍል አሠራር ገንዘብ የማይጠይቁትን ነገሮች መለየት የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ልጆች ሲገቡ በር ላይ ቆሞ በስማቸው መቀበል ወጪ የለውም። የቀኑን ሂደት ጠዋት በሰሌዳ ጥግ ጽፎ መንገርና የሚለወጠውን ቀድሞ ማሳወቅም እንዲሁ ነው። ቁጣ የያዘውን ልጅ በመላው ተማሪ ፊት ከማዋረድ፣ እስኪበርድለት ጠብቆ ለብቻ ማነጋገር ይቻላል። በትምህርት ቤቱ ውስጥ ልጁ በቀን አንዴ ሄዶ ሰላም የሚለው፣ እንዴት ዋልህ የሚለው አንድ የተመደበ ሰው ቢኖር፣ ያ ሰው የግድ መምህር መሆን የለበትም፤ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛም፣ የጥበቃ ሠራተኛም ሊሆን ይችላል። የምገባ መርሐ ግብር ባለበት ትምህርት ቤት ደግሞ ገበታው አስቀድሞ ተዘርግቷል፤ የሚጎድለው ትልቅ ሰው ከልጆቹ ጋር መቀመጡ ነው። ዛሬ በብዙ ቦታ ምግብ ይታደላል፣ ይበላል፣ ሰሃን ይሰበሰባል፤ መምህራን ሌላ ቦታ ናቸው።

የወላጅም ድርሻ አለ። በቤት ውስጥ ሞት፣ ፍቺ፣ ስደት ወይም ከባድ ሕመም ሲገባ ብዙ ቤተሰብ «ልጅ ነው፣ አያውቅም» ብሎ ያልፈዋል፤ ለመምህሩም አይነግርም። ልጁ ግን ያውቃል። ከሌሊቱ ጀምሮ ከብት ሲጠብቅ ያደረ፣ ወይም እናቱን አውሮፕላን ማረፊያ ሸኝቶ የመጣ ልጅ በማግስቱ መጽሐፉን ሲወረውር፣ መምህሩ የሚያየው መጽሐፍ መወርወሩን ብቻ ነው። ይህን ለመንገር የወላጆች ስብሰባን መጠበቅ አያስፈልግም፤ ልጁን ያደረሰው ሰው በር ላይ በሁለት ዐረፍተ ነገር ሊነግረው የሚችል ነገር ነው።